ለደጎል ልክ የተሰፋው ኮት

ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ደጎል አደባባይን ያውቃል። «ደጎል ጋ እንገናኝ» ሲባል ማንም ስለ ፈረንሳይ አያስብም። የቀጠሮ ቦታ ነው፣ በቃ። ስሙ ግን ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የአንድ ጄኔራል ስም ነው፤ የሻርል ደጎል። ሰውዬው በነሐሴ 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ ተቀብለውታል።

ግጥምጥሙ ደስ ይላል። በእኛ 1958 አዲስ አበባን ጎበኘ። በፈረንጆቹ 1958 ደግሞ ለሀገሩ አዲስ ሕገ መንግሥት አሰፋላት። ዛሬ ፓሪስ ውስጥ አንድ መንግሥት በወደቀ ቁጥር የሚነሳው የዚያኛው 1958 ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንደናገር።

እሑድ ኦክቶበር 5 ቀን 2025 ማታ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት የአዲስ ሚኒስትሮችን ስም ዝርዝር አወጣ። ሰኞ ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሴባስቲያን ለኮርኑ ሥራ ለቀቀ። በመሀል ያለው 14 ሰዓት ገደማ ነው። አዲሶቹ ሚኒስትሮች ርክክብ እንኳ አላደረጉም። ማታ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ የደወለ ዘመድ ጠዋት ለማጽናናት ሳይደውል አይቀርም። በዚያው ሳምንት አርብ ማታ ፕሬዝዳንት ኤማኑኤል ማክሮን አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሾመ። ማንን? ያንኑ ለኮርኑን።

ከሱ በፊት የነበሩትንም እንይ። ሚሼል ባርኒዬ ሴፕቴምበር 2024 ተሾመ፤ በሦስት ወሩ ፓርላማው ጣለው። ፍራንሷ ባይሩ ተተካ፤ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው እሱም ወደቀ። ስለ ጣሊያን ቢነገር ማንም አይደነቅም ነበር። ፈረንሳይ ግን «እኛ እንደነሱ አይደለንም» እያለች ስድሳ ምናምን ዓመት የኖረች ሀገር ናት።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ የማክሮንን ትዕቢት ያነሳል። ሌላው ዕዳውን፤ ከ3 ትሪሊዮን ዩሮ በላይ ደርሷል። ሦስተኛው ቀኝና ግራ ጽንፈኛው መሀሉን ሰንጎ ያዘው ይላል። ሁሉም እውነት አለው። ለእኔ ግን ነገሩ ከኮቱ ይጀምራል። ደጎል ለራሱ ልክ ያሰፋው ኮት ሰፊ ሥልጣን ነበረው። ያ ሥልጣን የሚዘጋበት አንድ ቁልፍ ደግሞ ነበር፣ ሕጉ ላይ ያልተጻፈ፦ ሕዝቡ እምቢ ካለኝ እሄዳለሁ። ከሱ በኋላ የመጡት ኮቱን እየተቀባበሉ ለበሱት። ቁልፏን ግን በጠሷት።

ኮቱ ለምን እንደተሰፋ ለመረዳት ወደ 1940 መመለስ አለብን። በዚያ ዓመት ጀርመን ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ውስጥ አንበረከከቻት። ጁላይ 10 ቀን ቪሺ በምትባል የፍልውሃ ከተማ የተሰበሰቡት እንደራሴዎች ሥልጣኑን ሁሉ ለ84 ዓመቱ ማርሻል ፊሊፕ ፔታን አስረከቡ። ድምፁ 569 ለ80 ነው። ፓርላማው በገዛ እጁ ራሱን ቀበረ ማለት ነው። ደጎል ያን ጊዜ ለንደን ገብቷል። ጁን 18 ቀን በቢቢሲ ሬዲዮ «የተቃውሞው ነበልባል አይጠፋም» ብሎ ተናግሯል። ዛሬ ያንን ንግግር የማያውቅ ፈረንሳዊ የለም። በዕለቱ ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ ቢቢሲም አልቀዳውም። የቪሺ መንግሥት በሌለበት ሞት ፈረደበት።

ደጎል ከዚያ ዓመት የያዘው ትምህርት አንድ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ተከራካሪ ፓርላማ ሀገር አያድንም፤ ከፓርቲዎች በላይ የቆመ ሰው ያስፈልጋል። ጦርነቱ ሲያልቅ የጊዜያዊ መንግሥቱ መሪ ሆነ። ከፓርቲዎቹ ጋር አልተስማማምና በጃንዋሪ 1946 ጥሎ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁን 16 ቀን ኖርማንዲ ውስጥ ባዩ ከተማ ላይ ቆሞ የሚፈልገውን የመንግሥት ዓይነት ዘረዘረ። የሰማው የለም። ፈረንሳይ አራተኛውን ሪፐብሊክ አቋቁማ ሥልጣኑን መልሳ ለፓርላማ ሰጠች።

አራተኛው ሪፐብሊክ 12 ዓመት ቆየ። በነዚህ ዓመታት ከ20 በላይ መንግሥታት ተፈራረቁ። በዲሴምበር 1953 ፕሬዝዳንት የሚመርጠው ፓርላማው ነበርና ረኔ ኮቲን ለመምረጥ 13 ጊዜ ድምፅ መስጠት ነበረበት። አሥራ ሦስት! ደህና ሰው ሲመጣም አይሰነብትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜንዴስ ፍራንስ በ1954 ፈረንሳይ እስያ ውስጥ የምትዋጋውን የኢንዶቺና ጦርነት በሳምንታት ውስጥ በድርድር ቋጨ። ስምንት ወር ሳይሞላው ጣሉት። እርግጥ ያ ዘመን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። በጦርነት የፈረሰችውን ሀገር መልሶ የሠራውና ለዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መሠረት የጣለው እሱ ነው። የገደለው አልጄሪያ ነው፤ በፈረንሳይ ሥር ሆና ለነፃነቷ የምትዋጋው አልጄሪያ።

ሜይ 13 ቀን 1958 አልጀርስ ውስጥ የሚኖሩ ፈረንሳውያን ፓሪስ አልጄሪያን ልትለቅ ነው ብለው የመንግሥትን ሕንፃ ሰብረው ገቡ። የፓራሹት ወታደሮቹ ዝም ብለው አዩ። ጄኔራሎቹም አብረው ቆሙ። በአሥራ አንደኛው ቀን ኮርሲካን ያዙ። ቀጣዩ ፓሪስ ናት ተባለ። ሁሉም ዓይኑን ኮሎምቤ በምትባል ትንሽ መንደር ወደተቀመጠው ጡረተኛ ጄኔራል አዞረ። ደጎል ሜይ 19 ቀን ለጋዜጠኞች ቀረበ። አምባገነን ትሆናለህ ወይ ለሚለው ፍራቻ የመለሰው መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ በ67 ዓመቴ የአምባገነንነት ሥራ የምጀምር ይመስላችኋል?

ሳቁ። ጁን 1 ቀን ፓርላማው 329 ለ224 በሆነ ድምፅ ሾመው። ወታደሩ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ምርጫው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነበር ለማለት ይከብዳል። ደጎልን የሚወዱ ይህችን ክፍል ቶሎ ያልፏታል።

ኮቱ የተሰፋው በዚያ ክረምት ነው። ዋናው ሰፊ ሚሼል ደብሬ ይባላል። ሥራው አራተኛውን ሪፐብሊክ እንዳይደገም አድርጎ መቅበር ነበር። ፕሬዝዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሾማል። ፓርላማውን ይበትናል። ለሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡን ይጠራል። አንቀጽ 16 በክፉ ቀን ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከሁሉ በላይ የታወቀችው ግን አንቀጽ 49 ንዑስ 3 ናት። ፈረንሳዮች «ካራንት ነፍ ትሯ» ይሏታል፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃታል።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መንግሥት ለአንድ ሕግ አብላጫ ድምፅ ካጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነስቶ «49.3ን እጠቀማለሁ» ይላል። ክርክሩ በዚያው ይቆማል። ድምፅ አይሰጥም። በ24 ሰዓት ውስጥ ተቃዋሚዎች የእምነት ማጣት ጥያቄ ካላቀረቡ ሕጉ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ካቀረቡ ደግሞ መንግሥትን ለመጣል ከምክር ቤቱ አባላት ሁሉ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ዛሬ ምክር ቤቱ 577 መቀመጫ ስላለው 289 ማለት ነው። ያልመጣና ድምፅ ያልሰጠ ሁሉ መንግሥትን እንደደገፈ ይቆጠራል። በአጭሩ፦ ካልወደድከኝ ጣለኝ፤ መጣል ካቃተህ ዝም በል። ደብሬ ምክንያት ነበረው። በአራተኛው ሪፐብሊክ ቀኝና ግራው አንድ ላይ ሆኖ መንግሥት ይጥላል፣ በምትኩ ማን ይምጣ ሲባል ግን አይስማማም።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከአምስት ሰው አራቱ «እሺ» አለ። ቅኝ ግዛቶቹም ተጠይቀው ነበር። የጊኒው ሴኩ ቱሬ «በባርነት ከመበልጸግ በነፃነት መደኸየት ይሻለናል» ብሎ ሕዝቡን «እምቢ» አስባለ። በአራት ቀኑ ጊኒ ነፃ ወጣች፤ ፈረንሳይ በንዴት እርዳታውንም ባለሙያውንም ጠቅልላ ወጣች። የጎረቤታችን የጅቡቲ ነገር ደግሞ ይለያል። መሐሙድ ሐርቢ «እምቢ» በሉ ብሎ ቢቀሰቅስም «እሺ» አሸነፈ። ደጎል በ1966 ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት ያደረው ጅቡቲ ነው፤ እዚያ የነፃነት መፈክር የያዘ ሰልፈኛ ጠበቀው። ባቡራችን የሚወርድበት ወደብ ስለሆነ ጉዳዩ አዲስ አበባንም በጣም ያሳስብ ነበር። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በ1977 ነው።

እስካሁን ያለው ኮት ግን ገና አላለቀም። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ 80 ሺህ ያህል ተመራጮችና ሹማምንት ነበሩ። የመጨረሻው ስፌት የገባው በ1962 ነው፤ የገባውም ከጥይት በኋላ።

በዚያ ዓመት አልጄሪያ ነፃ ወጣች። ደጎልን ወደ ሥልጣን ያመጡት የአልጀርስ ፈረንሳውያንና ከነሱ ጋር የቆሙ መኮንኖች ተከዳን አሉ። ኦገስት 22 ቀን ሊመሽ ሲል ደጎልና ሚስቱ ኢቮን በጥቁር ሲትሮየን ከፓሪስ ይወጣሉ። ፕቲ ክላማር የሚባል ሰፈር መንገድ ዳር ዣን ማሪ ባስቲያን ቲሪ የሚባል የአየር ኃይል መሐንዲስ ቆሟል። ጋዜጣ ሲያወዛውዝ ተኳሾቹ እንዲጀምሩ ተነጋግረዋል። ግን ጨልሟል፤ ምልክቱን ዘግይተው ነው ያዩት። ከመቶ በላይ ጥይት ተተኮሰ። መኪናዋን ጥቂቱ አገኛት። የኋላው መስታወት ረገፈ፣ ጎማዎች ፈነዱ። ሾፌሩ ሳይቆም ነዳ። ከፊት የተቀመጠው አማቻቸው «አባዬ፣ ጎንበስ በሉ!» ብሎ ጮኸ።

ሁለቱም አንድ ጭረት አልነካቸውም። አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ ኢቮን «ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?» አለች ይባላል። ከመኪናው ኋላ ለማግስቱ ምሳ የተገዙ ዶሮዎች ነበሩ። በፓሪስ የጎዳና ቋንቋ «ዶሮ» ማለት ፖሊስ ማለት ስለሆነ አጃቢዎቹ ስለ እነሱ የተጨነቀች መሰላቸው አሉ። ባስቲያን ቲሪ በማርች 1963 ተረሸነ።

ሞት ጎኑን አልፎት ሲሄድ ደጎል አንድ ነገር አሰበ። እኔ ነገ ባልኖር ተተኪዬ የጁን 18 ታሪክ የለውም፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ሥልጣን በምን ፊቱ ይሸከመዋል? መልሱ የሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ ሆነ። ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበረበት። ደጎል ግን ፓርላማውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ሄደ። አብዛኛው የሕግ ባለሙያ ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ። የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ጋስቶን ሞንርቪል ነገሩን በአደባባይ ክህደት ብሎ ጠራው። ሞንርቪል ከፈረንሳይ ጉያና የመጣ ጥቁር ሰው ነው፤ ከባሪያ ዘር ተወልዶ የሪፐብሊኩ ሁለተኛ ሰው እስከመሆን የደረሰ። ደጎል ቃሉን አልረሳለትም። ከዚያ በኋላ ሴኔት የሚባል ቤት ያለ አይመስልም ነበር።

ፓርላማውም ተነሳ። ኦክቶበር 5 ቀን 1962 የጠቅላይ ሚኒስትሩን የጆርጅ ፖምፒዱን መንግሥት በእምነት ማጣት ድምፅ ጣለ። ደጎል ፓርላማውን በተነ። ለሕዝቡም «እምቢ ካላችሁኝ እሄዳለሁ» አለ። ከ60 በመቶ በላይ «እሺ» አለው። በምርጫውም አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በእምነት ማጣት ድምፅ የወደቀ መንግሥት አልነበረም፤ እስከ ዲሴምበር 4 ቀን 2024፣ እስከ ባርኒዬ።

ደጎል መልአክ አልነበረም። በኦክቶበር 1961 ፓሪስ ላይ ሰልፍ የወጡ አልጄሪያውያን በፖሊስ ተገድለው ሴን ወንዝ ሲጣሉ ኤሊዜ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑም የመንግሥት አፍ ነበር። ለመከባበር ያህል የሚነገርለት ነገር አለ፤ ቤተ መንግሥት ሲኖር የመኖሪያ ክፍሉን የመብራት ሒሳብ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ይህ ግን ጨዋነት ነው፣ ፖለቲካ አይደለም። ፖለቲካው ያለው ውርርዱ ላይ ነው። በ1958፣ በ1961፣ ሁለት ጊዜ በ1962፣ ከዚያም በ1969 ሕዝቡን ሲጠይቅ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ማስፈራሪያ ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ግን ማስፈራሪያው የእውነት ነበር።

የፓርላማ ሥርዓቱን ያፈረሰውን ያህል ሰድበውታል። ከሁሉ የበለጠ የሰደበው ፍራንሷ ሚቴራን ነው። በ1964 ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ሥርዓቱን የማያቋርጥ መፈንቅለ መንግሥት አለው። በ1965 ምርጫ ደጎልን ሁለተኛ ዙር አስገብቶ አስደነገጠው። በመጨረሻ በሜይ 1981 ሚቴራን ራሱ ኤሊዜ ገባ። ሕገ መንግሥቱን ይቀይረዋል ተብሎ ሲጠበቅ ምን አለ? «እነዚህ ተቋማት ለእኔ ተብለው አልተሠሩም፤ ግን ደህና አድርገው ልኬ ናቸው።» ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ዞር ዞር ያለ ሰው ንግግር ነው። 14 ዓመት ለበሰው። ብዙ ደህና ነገርም ሠራበት። በመጀመሪያው ዓመት በሮቤር ባዳንቴር በኩል የሞት ቅጣትን ሽሯል።

ቁልፏ የተበጠሰችው በዚህ ሰው ዘመን ነው። በ1986 የምክር ቤት ምርጫ ሚቴራን ተሸነፈ። ደጎል ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ኮሎምቤ ነበር። ሚቴራን አልሄደም። ተቃዋሚውን ዣክ ሺራክን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ አብረው ኖሩ፤ «ኮአቢታሲዮን» የሚሉት ይህን ነው። ያልተዋደዱ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ እንደማለት። ሕዝቡ አልጠላውም፤ በ1988 እንዲያውም ሚቴራንን መልሶ መረጠው። ስለዚህ መቆየት የሚያስነውር መሆኑ ቀረ።

ሺራክ ደግሞ ተማረ። ፕሬዝዳንት ሆኖ በ1997 ሰፊ አብላጫ ድምፅ በእጁ እያለ የበለጠ አገኛለሁ ብሎ ፓርላማውን በተነ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ተሸነፈ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከሶሻሊስቱ ሊዮኔል ዦስፓን ጋር ተቀመጠ። በ2005 የአውሮፓን ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። 55 በመቶው «እምቢ» አለ። ሺራክ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቀየረና ቀጠለ። ተቀራራቢ ይዘት ያለው ውል ከሦስት ዓመት በኋላ በኒኮላ ሳርኮዚ ዘመን በፓርላማ በኩል ጸደቀ። ከ2005 ወዲህ በፈረንሳይ ሀገር አቀፍ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አያውቅም። ሕዝቡ ጥያቄውን ትቶ ጠያቂውን እየመታ አስቸገረ ይላሉ ፖለቲከኞቹ። እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። «እምቢ» ማለት ማንንም እንደማያንቀሳቅስ ካየ በኋላ ነው ሰዉ ወደ አደባባይና ወደ ጽንፍ ፓርቲ የሄደው።

በ2000 ደግሞ ሌላ ስፌት ገባ። የፕሬዝዳንቱ ዘመን ከሰባት ዓመት ወደ አምስት ተቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት የምክር ቤቱ ምርጫም ከፕሬዝዳንቱ ምርጫ ቀጥሎ እንዲውል ተደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ፕሬዝዳንት የመረጠ ሕዝብ በሙቀቱ አብላጫ ድምፅም ይሰጠዋል፤ ያልተዋደዱ ባልና ሚስት አይኖሩም። 20 ዓመት ሠራ። በ2002፣ በ2007፣ በ2012፣ በ2017። ጥቅሙ ሲታይ ጉዳቱ ተሸፈነ። በዘመኑ መሀል ፕሬዝዳንቱን የሚገስጽበት ምርጫ ሕዝቡ አጣ።

በ2022 ማሽኑ ቆመ። ማክሮን ተመረጠ፤ አብላጫ ድምፅ ግን አልተሰጠውም። ያኔ 49.3 ከመሳቢያ ወጣች። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤልሳቤት ቦርን 23 ጊዜ ተጠቀመችባት። ከሷ በላይ የሄደው በሚቴራን ዘመን 28 ጊዜ የተጠቀመው ሚሼል ሮካር ብቻ ነው። ሰዉ የማይረሳው ማርች 16 ቀን 2023ን ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ ሊል ነው። ሚሊዮኖች ሰልፍ ወጥተዋል። ድምፁ ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው ቆጠሩት፤ ላይሞላ ይችላል። ቦርን መድረኩ ላይ ወጣች። የግራ እንደራሴዎች ተነስተው ብሔራዊ መዝሙሩን መዘመር ጀመሩ። «64 ዓመት አይሆንም» የሚል ወረቀት ከፍ አደረጉ። ሴትዮዋ በጩኸቱ መሀል ድምጿን ከፍ አድርጋ አንብባ ጨረሰች። በአራተኛው ቀን መንግሥቷን ለመጣል 278 ድምፅ ተገኘ። ያኔ ጥቂት ወንበሮች ክፍት ስለነበሩ የሚያስፈልገው 287 ነበር። በዘጠኝ ሰው።

ሕጋዊ ነበር? ነበር። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም የሕጉን ዋና ክፍል አጽድቆታል። ግን 49.3 የተሠራችው አብላጫ ድምፅ ያለው መንግሥት የገዛ ሰዎቹን ሥርዓት እንዲያስይዝባት ነው። አብላጫ ድምፅ የሌለው ሰው በሀገር ላይ ሲያነሳት ሌላ ነገር ትሆናለች።

ከዚያ ጁን 9 ቀን 2024 መጣ። በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ የቀኝ ጽንፈኛዋ የማሪን ለ ፔን ፓርቲ 31 በመቶ ያህል አገኘ። የማክሮን ዝርዝር የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም። በዚያው ማታ ማክሮን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ምክር ቤቱን በተንኩ አለ። የኦሎምፒክ ጨዋታው ሊጀመር ሰባት ሳምንት አልቀረውም። የራሱ ሰዎች ሳይቀሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ምርጫው ሲያልቅ ምክር ቤቱ ሦስት ቦታ ተከፈለ፦ ግራ፣ መሀልና ለ ፔን። ከ200 በላይ ዕጩዎች ለ ፔን እንዳታሸንፍ ብለው ከሁለተኛው ዙር ራሳቸውን አግልለዋል። ለ289 የቀረበ ወገን የለም። ማክሮን ዳግም ልበትን ቢል እንኳ ሕጉ ለአንድ ዓመት አይፈቅድለትም ነበር።

አሁን ነገሩ ወደ 1953 ተመለሰ። ግራውና ለ ፔን መጣል ላይ ይስማማሉ፤ መተካት ላይ አይስማሙም። ባርኒዬ የማኅበራዊ ዋስትናውን በጀት በ49.3 ለማሳለፍ ሞከረ፤ 331 ድምፅ ተደምሮ ጣለው። ለጠንካራ መንግሥት የተሰፋችው አንቀጽ የደካማው መንግሥት መውደቂያ ሆነች። ባይሩ ደግሞ 44 ቢሊዮን ዩሮ ላተርፍ ብሎ ተነሳ። ከሐሳቦቹ አንዱ ሁለት የበዓል ቀኖችን መሰረዝ ነበር። ከፈረንሳዊ ላይ በዓል መንጠቅ! እሱ ራሱ የመተማመኛ ድምፅ ስጡኝ አለና 364 ለ194 ተሸነፈ። ለኮርኑ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጣው። ሁለተኛ ከተሾመ በኋላ የተረፈው ያን የ64 ዓመቱን የጡረታ ሕግ አግደዋለሁ ብሎ ቃል ስለገባ ነው። ማለትም በ2023 በጉልበት የገባው ሕግ በ2025 የመንግሥት ነፍስ መግዣ ሆኖ ወጣ።

በለኮርኑ የ14 ሰዓት መንግሥት ማግስት ማክሮንን ልቀቅ ያሉት ተቃዋሚዎች ብቻ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤዱዋር ፊሊፕ በጀቱ ይጽደቅና የፕሬዝዳንት ምርጫው ከ2027 በፊት ይደረግ አለ። በደጎል ስም የሚምለው ቀኝ ዘመም ወገን ውስጥ ያደገ ሰው ነው።

የማክሮን መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ለአምስት ዓመት ነው የተመረጥኩት ይላል። ሕጉም ከሱ ጋር ነው። ፕሬዝዳንት በተሸነፈ ቁጥር ይሂድ ከተባለ፣ መረጋጋት ያመጣል የተባለው ኮት ምኑ ላይ ነው ጥቅሙ? በዚህ ላይ የሚተካው ሰው በዚሁ ሦስት ቦታ በተከፈለ ሀገር ላይ ነው የሚቀመጠው። በቂ ክርክር ነው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ከፓርላማ በላይ ነኝ ያለ ሰው ለፓርላማ አይጠየቅም። ለሕዝብም ካልተጠየቀ ለማን ይጠየቃል? ደጎል ይህን ጥያቄ ራሱ ላይ አስሮ ይሄድ ነበር።

በኤፕሪል 1969 ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። ጉዳዩ የክልሎች አደረጃጀትና የዚያ የማይወደው ሴኔት ማሻሻያ ነው። ማንም ግድ የማይሰጠው ርዕስ። ከአንድ ዓመት በፊት በሜይ 1968 ተማሪና ሠራተኛ ሀገሩን አቁሞበት፣ ምክር ቤቱን በትኖ በምርጫ ረትቷል። አሁን ማንም ሂድ ያለው የለም። ሚኒስትሮቹም ይቅርብን ብለው ለምነዋል። ኤፕሪል 27 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ከ52 በመቶ በላይ «እምቢ»። እኩለ ሌሊት አለፍ እንዳለ ከኮሎምቤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት መግለጫ ወጣች። የሪፐብሊኩ ፕሬዝዳንትነት ሥራዬን አቆማለሁ። ውሳኔው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይጸናል።

በአዲሱ ምርጫ ዘመቻ ሀገር ውስጥ እንዳይገኝ ወደ አየርላንድ ሄደ። ጋዜጠኞች ተከትለው ፎቶ አነሱት። በሰው የለሽ የባሕር ዳርቻ፣ ነፋስ እየመታው፣ በረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ከዘራ ይዞ ይሄዳል። ሚስቱ ከጎኑ ናት። ፓሪስ ላይ ፖምፒዱ ወንበሩን ለመያዝ እየቀሰቀሰ ነው።